ኮርቻን የሠራው ገመድ ነው
(ስለ ምዕራብ አሜሪካ ኮርቻ አሠራር ታሪክ)

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘመን፥ የጦርነት ውሎና የድንበር ክርክር ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ሰው በእጁ ሠርቶ በየቀኑ የሚገለገልበት ዕቃም ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ማረሻን፥ ጀልባን ወይም መጋዝን አተኩሮ የተመለከተ ሰው ዕቃውን የሠራው ሕዝብ ምን ሥራ እንደ ነበረበት፥ ከማን እንደ ተማረና ምን ችግር እንደ ገጠመው ሊያነብ ይችላል። መዝገቡ በቀለም የተጻፈ ስላልሆነ ብቻ ሳይነበብ መቅረት የለበትም።

ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው እንዲህ ያለውን አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የምዕራብ አሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የሚቀመጡበት ኮርቻ ነው። ይህን ኮርቻ በሲኒማ ያላየ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገው ካውቦይ በፈረሱ ላይ ተደላድሎ ሲጋልብ ከፊቱ ብቅ ያለች አጭር ቀንድ፥ ከጎኑም የሚያብረቀርቅ የብር ጌጥ ይታያል። ተመልካቹ ጌጡን ያደንቃል፤ ቀንዱም ጋላቢው እንዳይወድቅ የሚጨብጠው እጀታ ይመስለዋል። ሁለቱም ያሳስታሉ። ቀንዱ ለመጨበጫ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ የኮርቻውም ዋና ነገር የሚያብረቀርቀው ብር ሳይሆን ከቆዳው ሥር የተሸሸገው ተራ የብረት ቀለበት ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከጥንቱ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ፈረስን መጋለብ በጀመረበት ዘመን ኮርቻ አልነበረም። በመጀመሪያ በባዶ ጀርባ፥ ቀጥሎም ጨርቅና ትራስ እያነጠፈ ይጋልብ ነበር። የእንጨት አካል ያለው ኮርቻና ጥንድ እርካብ ብዙ ዘግይተው የመጡ ናቸው። ጥንድ እርካብ በግልጽ የሚታየው በቻይና አገር በ4ኛው መቶ ዓመት መቃብር ውስጥ በተገኙ ምስሎች ላይ ነው። ከዚያም በእስያ ሜዳ የሚዘዋወሩ ፈረሰኞች ወደ ምዕራብ አሻገሩት። እርካቡና ኮርቻው በደረሱበት አገር ሁሉ እንደ ሕዝቡ ኑሮ ይለወጡ ነበር። በእኛ አገር የቀድሞው ፈረሰኛ ጫማ ሳያደርግ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ የእርካብ ቀለበት አግብቶ ይጋልብ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከባድ ጫማ የሚያደርገው ሕዝብ ደግሞ እርካቡን አሰፋው። ስለዚህ ኮርቻ የጋላቢውን እግር፥ የፈረሱን ጀርባና የዕለቱን ሥራ አስማምቶ የሚሠራ ዕቃ እንጂ በሁሉ አገር አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም።

በ711 ከሰሜን አፍሪካ የተነሣ ሠራዊት ወደ ስፔን በተሻገረ ጊዜ የራሱን የፈረስ አያያዝ ይዞ ገባ። ከዚህ የተነሣ በስፔን አገር ሁለት ዓይነት አጋላለብ ጎን ለጎን ኖረ። አንደኛው ሂኔታ ይባላል፤ እርካቡ አጭር፥ ጋላቢው ጉልበቱን አጥፎ በፍጥነት የሚዞርና የሚመለስበት ነው። ሁለተኛው ብሪዳ ይባላል፤ እርካቡ ረጅም፥ የኋላ ድጋፉ ከፍ ያለ፥ የብረት ልብስ ለለበሰ ጦረኛ የተመቸ ነው። ወደ አዲሱ ዓለም በመርከብ የተጫነው ኮርቻ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነበር።

በ1519 ሄርናን ኮርቴስ ወደ ሜክሲኮ በተሻገረ ጊዜ 16 ፈረሶች ይዞ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከብት ተከተለ። አገሩ ሰፊ፥ ሣሩ ብዙ ስለ ነበረ ከብቱ በአጥር ሳይወሰን ተባዛ። የስፔን ሹማምንት የአገሩ ተወላጅ በፈረስ እንዳይቀመጥ በመጀመሪያ ከልክለው ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ከብት በእግሩ የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል? ክልከላው በሥራው ግዴታ እየላላ ሄደ፤ ተወላጁም፥ ክልሱም፥ ጥቁሩም በፈረስ ላይ ወጣ። ይህ ከብት ጠባቂ ቫኬሮ ተባለ፤ ቃሉ ላም ከሚለው የስፔን ቃል የወጣ ነው።

ቫኬሮው በመጀመሪያ ዱር የለመደውን ከብት የሚጥለው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨረቃ የመሰለ ስለት አስሮ ከኋላ እየጋለበ ቋንጃውን በመቍረጥ ነበር። ይህ ዘዴ ለቆዳና ለሞራ ብቻ የሚታረደውን ከብት ለመግደል ይጠቅማል፤ ከብቱን በሕይወቱ ይዞ ምልክት ለማድረግ ወይም ቁስሉን ለማከም ግን አይረዳም። ስለዚህ ገመድ ስለቱን ተካው። ገመዱ ሲመጣ ግን አዲስ ጥያቄ አብሮ መጣ። ከብቱ አንገቱን ከታነቀ በኋላ የገመዱ ሌላ ጫፍ ምን ላይ ይታሰር? አንዳንዱ በፈረሱ ጭራ ላይ፥ አንዳንዱም በሆዱ ጠፍር ላይ ያስር ነበር። ይህ ለፈረሱ ሥቃይ፥ ለጋላቢውም አደጋ ነበር። በመጨረሻ የኮርቻው የፊት ቅስት ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ቀንድ ሆነ። የምዕራብ አሜሪካ ኮርቻ የተወለደው በዚህ ነው። ቀንዱ የገመድ ማሰሪያ ግንድ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ከ400 ኪሎ የሚበልጥ ወይፈን ሮጦ ገመዱ ሲወጠር ግፊቱ ከገመድ ወደ ቀንድ፥ ከቀንድ ወደ ኮርቻው የእንጨት አካል፥ ከእንጨቱ ወደ ጎን ቀለበቱ፥ ከቀለበቱ ወደ ጠፍሩ፥ ከጠፍሩ ወደ ፈረሱ ደረት ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ ኮርቻው ከነጋላቢው ይነቀላል። የቀሩት ሁሉ የቱንም ያህል ቢጠነክሩ አያድኑትም። የኮርቻ ሠሪ ጥበብ በሙሉ ይህን ሰንሰለት በየዘለላው እኩል ማጠንከር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካውያን በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ ሲስፋፉ ይህ ሁሉ ተሠርቶና ተፈትኖ ቆይቷቸዋል። ቴክሳስ በ1836 ከሜክሲኮ ተለየ፤ ካሊፎርኒያ በ1848 ወደ አሜሪካ ግዛት ገባ። አዲሶቹ ባለቤቶች መሬቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ወረሱ፤ የሥራውንም ቃል አፋቸው በቻለው መጠን እያጣመሙ ወሰዱት። ሲንቻ የተባለው የሆድ ጠፍር ሲንች ሆነ፤ ላ ሬያታ የተባለው ገመድ ላሪያት ሆነ፤ ኮንቻ የተባለው ክብ ጌጥ ኮንቾ ሆነ፤ ማጥበቂያው ጠፍር ላቲጎ እንደ ተባለ ቀረ። ቫኬሮ የሚለው ስም እንኳ በካሩ ተብሎ ቀረ። ከዚህ በኋላ ካውቦይ በዓለም ሁሉ ሲታወቅ ቫኬሮው ተረሳ። ስሙ ቢረሳም ቋንቋው ከኮርቻው ላይ አልተፋቀም። በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ከባርነት ነፃ የወጡ ብዙ ጥቁሮች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ነበር፤ ሲኒማው ግን ለብዙ ዘመን አላሳያቸውም።

ሥራው አንድ ቢሆንም አሠራሩ በሁለት ተከፈለ፤ የኮርቻውም ብረት አብሮ ተከፈለ። የቴክሳስ ሰው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጭር ገመድ ይዞ ጫፉን በቀንዱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያስራል። አገሩ ቁጥቋጦ የበዛበት ስለ ሆነ ረጅም ገመድ ለመወርወር አይመችም፤ ከብቱ ወደ እሾህ ውስጥ ሳይገባም ወዲያው መያዝ አለበት። ገመዱ ከታሰረ ግን ማላላት የለም፤ ግፊቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ቀንዱ ወደ ፊት ሲሳብ የኮርቻው ኋላ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን ለመከላከል የቴክሳስ ሠሪዎች በየጎኑ ሁለት ቀለበት አደረጉ፤ አንዱ የፊተኛውን ጠፍር፥ ሁለተኛው የኋለኛውን ጠፍር ይይዛል።

የካሊፎርኒያ ሰው ደግሞ ከጥሬ ቆዳ የተጎነጎነ፥ ርዝመቱ 18 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ገመድ ይጠቀም ነበር። እንዲህ ያለው ገመድ ድንገተኛ ንጥቂያ ከደረሰበት ይበጠሳል። ስለዚህ አያስረውም፤ ከብቱ ከተያዘ በኋላ ገመዱን በቀንዱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ሲያስፈልግም እየለቀቀ ያንሸራትተዋል። ስፔናውያን ዳር ላ ቩዌልታ፥ ይኸውም አዙር፥ የሚሉትን አሜሪካውያን ዳሊ አሉት። ግፊቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ በየጎኑ በመካከል የተደረገ አንድ ቀለበትና አንድ ጠፍር ይበቃዋል። ሆኖም ይህም ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል፤ በገመዱና በቀንዱ መካከል አውራ ጣቱን አስገብቶ የተቈረጠበት ከብት ጠባቂ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ከብት የሚያውቅ ሰው ፈረሱ ላይ የተጫነውን ኮርቻ ከሩቅ አይቶ፥ ቀለበቶቹንም ቈጥሮ ጋላቢው ከየትኛው አገር እንደ መጣ ሊናገር ይችል ነበር። ብረቱ የአሠራር ምስክር ነበር ማለት ነው።

ይህ ኮርቻ እጅግ የተፈለገው ከ1866 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በቆየው የታላላቅ መንጋዎች ዘመን ነው። የቴክሳስ ከብት ከ1867 ጀምሮ በካንሳስ ወደሚገኘው ወደ አቢሊን የባቡር ጣቢያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ እየተነዳ ይሄድ ነበር። ነጂው ለወራት ቀኑን ሙሉ ከኮርቻው አይወርድም፤ ሌሊትም ይንተራሰዋል። የወር ደመወዙ ከ25 እስከ 40 ዶላር ሲሆን ጥሩ ኮርቻ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ፈረሱ የአሠሪው ሊሆን ይችላል፤ ኮርቻው ግን የራሱ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አንድ ሰው «ኮርቻውን ሸጠ» ከተባለ ፈጽሞ ደኸየ ወይም ከሥራው ወጣ ማለት ነበር። በካሊፎርኒያ ቪሳሊያ፥ በኮሎራዶ ፑዌብሎ፥ በዋዮሚንግ ሻየን በኮርቻ ሠሪዎቻቸው የታወቁ ከተሞች ሆኑ። በ1874 የእሾህ ሽቦ ፈቃድ ወጥቶ ሜዳው እየታጠረ ሄደ፤ በ1886ና በ1887 መካከል የወረደውም ብርቱ ክረምት ብዙ መንጋ ፈጀ። የረጅሙ ጉዞ ዘመን አለፈ። ኮርቻው ግን በየከብት እርባታው ሥራው ስላላለቀ አልሞተም።

አሁን ደግሞ ሠሪው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያደርገውን እንመልከት። ሥራው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች፥ እነርሱን ከፊት የሚያያይዝ ቅስትና ከኋላ የሚደግፍ ቅስት ይጠረባሉ። ሳንቃዎቹ ከፈረሱ ጀርባ ጋር ካልተስማሙ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ክብደቱ በሰፊው ካልተዘረጋ ቁስል ያወጣል፤ አከርካሪውንም መንካት የለበትም። ይህ እንጨት ተጠርቦ ካለቀ በኋላ እርጥብ ጥሬ ቆዳ ለብሶ በቆዳ ክር ይሰፋል። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ ለስላሳውም እንጨት ከዚያ በኋላ እንደ አጥንት ይጠነክራል። በፍጥነት ይድረቅ ተብሎ በእሳት አጠገብ ቢቀመጥ ግን ይጣመማል።

ከዚህ በላይ የሚለብሰው በዛፍ ቅርፊት የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሠሪው ቆዳውን አርጥቦ በእንጨቱ ላይ እየወጠረ፥ በእጁና በአጥንት መሣሪያ እያሸ ቅርጹን ያስይዘዋል። ስፌቱ በወስፌ ተበስቶ በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ይሰፋል፤ ክሩም ከተልባ እግር የተፈተለና በሰም የታሸ ነበር። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ከሁለቱም ወገን ስለሚያልፍ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት ይህ ጥንካሬ የለውም። ከፈረሱ ጀርባ በኩል የበግ ቆዳ ከነጠጕሩ ይደረግበታል። ሥራው ሲያልቅ ኮርቻው ከ16 እስከ 23 ኪሎ ይመዝናል።

የብረቱ ምርጫ የሚመጣው በዚህ ሥራ መካከል ነው፤ ብልህና ሞኝ ሠሪም የሚለዩት በዚህ ነው። ጠፍሩን የሚይዘው ቀለበት ክብ ወይም ግማሽ ክብ ይሆናል። በጥንቱ ዘመን ከብረት ይሠራና ዝገት እንዳይበላው ቆርቆሮ ወይም ኒኬል ይቀባ ነበር። የሚያስገርመው ነገር የምዕራቡ ኮርቻ ቀለበትና ዘለበት ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ መምጣቱ ነው፤ በኮነቲከት ክፍለ ሀገር በኒው ብሪትን ከተማ የነበረው የኖርዝና ጀድ ፋብሪካ የመልሕቅ ምልክት ያለበትን ዕቃ ይልክ ነበር። የማይዝግ ብረት የታወቀው ግን ከ1913 ወዲህ ነው።

ዛሬ የእጅ ሠሪ በፊቱ አያሌ ምርጫ አለው። የማይዝግ ብረት ከሁሉ ይጠነክራል፤ የፈረስ ላብ ጨው ስላለበት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነሐስ አይዝግም፥ መልኩም ያምራል፤ ግን ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ ጠፍር ዘወትር በሚፈትገው ቦታ ይበላል፤ ስለዚህ ወፍራሙን መምረጥ ይገባል። ኒኬል የተቀባ ብረት ዋጋው ይረክሳል፤ ቅቡ በተላጠ ጊዜ ግን ይዝጋል። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ቆዳም ከብረት ጋር እርጥበት ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የቀድሞው የአውሮፓ የጽሕፈት ቀለም የሚሠራበትም ዘዴ ይኸው ነበር። ከሁሉ የከፋው ከዚንክና ከመሰሉት በቅርጽ ፈስሶ በወርቃማ ወይም በብርማ ቅብ የሚሸጠው ነው። ሲታይ ከሁሉ ይበልጣል፤ ኃይል ሲያገኘው ግን ሳይታጠፍ ድንገት ይሰበራል። ለጌጥ ቢሆን አይጎዳም፤ ለጠፍር ቀለበት ማድረግ ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የቀለበቱ ጥራት ብቻም አይበቃም። ብየዳው ሙሉ ነው ወይስ ጫፎቹ ገጥመው ብቻ ቀርተዋል? ወደ እንጨቱ የሚይዘው ቆዳ በጠንካራ ብሎን ተያይዟል ወይስ በምስማር ብቻ? ቀለበቱ በእንጨቱ ላይ ከታሰረ ኃይሉ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። በጎን ቆዳው ውስጥ ከተሰፋ ለጋላቢው እግር ይመቻል፤ ኃይሉ ግን በቆዳውና በስፌቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከባድ ከብት በገመድ የሚይዝ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ለመንሸራሸር የሚጋልብ ሁለተኛውን ቢመርጥ አይነቀፍም። ሌላም ትንሽ ነገር አለ፤ የፊተኛውንና የኋለኛውን ጠፍር ከሆድ በታች የምታያይዝ አንዲት ቀጭን ጠፍር አለች። ይህች ከጎደለች የኋለኛው ጠፍር ወደ ብሽሽቱ ይንሸራተትና ፈረሱ እየዘለለ ጋላቢውን ይጥለዋል። ከዚህች ጠፍር ዋጋው ያነሰ ነገር በኮርቻው ላይ አይገኝም።

እንዲህ ስንል ጌጥን ማጥላላታችን አይደለም። ኮንቾ የተባለው ክብ ብር ራሱ በመጀመሪያ ሥራ ነበረው፤ ዕቃ የሚታሰርበት ቀጭን ጠፍር ሲያልፍ ቆዳውን እንዳይቀደው የሚከላከል ነበር። በ1895 በስዊድን አገር የተወለደው ኤድዋርድ ቦህሊን ለሆሊውድ ተዋንያን በብር ያጌጡ ኮርቻዎች እየሠራ ዝናን አትርፏል። በዋዮሚንግ የሸሪደኑ ዶን ኪንግ ደግሞ በቆዳ ላይ ጥቃቅን የዱር አበባ በመቅረጽ አዲስ ስልት አስለምዶ በ1991 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበበኞች የሚሰጠውን የክብር ሽልማት አግኝቷል። እነዚህ እውነተኛ ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን አበባው የሚቀረጸው አካሉ ከጠነከረ በኋላ ነው። በደካማ ቀለበት ላይ የተለጠፈ ብር ገዥን የሚያታልል ሽፋን ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ ዕቃን በትክክል የሚሠራ ሰው አስቀድሞ «ይህ ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የቴክሳሱና የካሊፎርኒያው ሠሪ የተለያየ ነገር የሠሩት አንዱ ዐዋቂ ሌላው አላዋቂ ስለ ሆነ ሳይሆን ገመዳቸው የተለያየ ስለ ነበረ ነው። የአንዱን ቀለበት ለሌላው ገመድ የሚያደርግ ሰው ከሁለቱም ሳይማር ይቀራል። ይህ በኮርቻ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከሌላ አገር ሥርዓትን፥ መሣሪያን ወይም ትምህርትን ለሚቀበል ሁሉ ይሠራል። መልኩን ሳይሆን መልኩን ያስገኘውን ሥራ መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ኮርቻውም እንዲሁ ነው፤ ዝናው ለጋላቢው ይሰጣል፤ ለኮርቻ ሠሪውም፥ ቀንዱን ለፈለሰፈው ስሙ ላልተጻፈ ቫኬሮም የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ገመዱ በተወጠረ ጊዜ ሁሉ ጋላቢውን በሕይወት የሚያቆየው ከቆዳው ሥር ማንም የማያየው ቀለበትና ማንም የማይቈጥረው ስፌት ነው። ማንም በማያይበት ቦታ ጥሩውን ብረት የሚመርጥ ሠራተኛ ባለበት አገር ሰው ያለ ሥጋት ይጋልባል።